መሰናዶው ለማን ነበር?

አንዳንድ ቃል ብቻውን ከአንድ ጥራዝ የፖሊሲ ሰነድ የበለጠ ይናገራል። «መሰናዶ» ከነዚህ ቃላት አንዱ ነው።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አሥረኛ ክፍል የተፈተነ ልጅ ዕጣው በሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይነገር ነበር። ነጥብ የመጣለት «ፕሪፓራቶሪ ገባ» ይባላል። ያልመጣለት ደግሞ «ቴክኒክ ደረሰው»። እስኪ ግሦቹን ልብ በሏቸው። አንዱ ይገባል፤ ሌላው ይደርሰዋል። መግባት በራስ እግር ነው፤ መድረስ ግን እንደ ዕጣ ነው። አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዩኒቨርሲቲ ይሰናዳል። ሌላው ክረምቱ ሲያልፍ ስሙን እንኳ በቅጡ ያልለመደውን ሙያ ይዞ ወርክሾፕ በር ላይ ይቆማል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህች አገር ታሪክ ሙያ ሊማር የሚሄድ ልጅ ምን ተሰናድቶ ነበር የሚሄደው? መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድሮ ሙያ መሰናዶ ነበረው፤ በር ግን አልነበረውም። ዘመናዊው ትምህርት በሩን ከፈተ፤ መሰናዶውን ግን መንገድ ላይ ጣለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኛው አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወናፍ

ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት ሙያ የሚለመደው ከቤት ነው። ከአባት፣ ከአጎት፣ ከእናት። ታዲያ ማንም ልጅ በመጀመሪያው ቀን ዋናውን ሥራ አይነካም። የአንጥረኛ ልጅ መዶሻ ከመጨበጡ በፊት ወናፍ ይነፋል። ተራ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን እጁ ወናፉ ላይ ሲሆን ዓይኑ እሳቱ ላይ ነው። ብረት መቼ እንደሚቀላ፣ መቼ ለመቀጥቀጥ እንደሚደርስ፣ መቼ እንዳለፈበት በቀለሙ ለይቶ ያውቃል። መዶሻው እጁ በገባ ቀን ዓይኑ አስቀድሞ ሠልጥኗል ማለት ነው።

የሸማኔ ልጅም እንደዚያው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ከመቀመጡ በፊት ማጉን በቀሰም ላይ ሲያጠነጥን ይከርማል። ክር ሲላላና ሲከር በጣቱ ይለያል። ሸክላ የምትሠራ እናት ልጇን መጀመሪያ የምታሰማራት አፈር ወደ መምረጥና ጭቃ ወደ ማሸት ነው። ጠጠር የቀረበት ጭቃ እሳት ላይ ጉድ እንደሚያደርግ ልጅቷ የምትማረው ከምክር አይደለም፤ ከተሰነጠቀ ምጣድ ነው።

የብራና ጸሐፊነት የሚማር ተማሪ ደግሞ የበለጠ ነበረበት። ፊደል ከመጣሉ በፊት የፍየል ቆዳ ይዘፈዝፋል፣ በመወጠሪያ ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል። ቀለሙን ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ያዘጋጃል። ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው አንዲት ገጽ ብራና ስንት ቀን እንደፈጀች ስለሚያውቅ በግዴለሽነት አያበላሻትም።

በነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥበብ አለ። መሰናዶው ከሙያው የተለየ ትምህርት አልነበረም፤ የሙያው የመጀመሪያ ክፍል ነበር። ልጁን ሦስት ነገር ያስይዘዋል፦ ጥሬ ዕቃውን ማወቅ፣ መሣሪያውን ማክበርና ትዕግሥት።

ይህን ስል ግን የጥንቱን ነገር ገነት ላደርገው አልፈልግም። ልጁ ወናፍ የሚነፋው መርጦ ሳይሆን የአንጥረኛ ልጅ ሆኖ ስለተወለደ ነው። ጉልበቱም ብዙ ጊዜ በነፃ ይበዘበዛል። በዚያ ላይ ስድቡ አለ። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቡዳ። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ማዕድ የማያስቀርብ ገበሬ፣ የሸመነውን ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅ መኳንንት የሞላበት አገር ነበር። ከውጭ ያለ ልጅ ወደ ሙያው ልግባ ቢል በሩ በንቀት ተዘግቷል። ከውስጥ ያለው ልውጣ ቢልም እንዲሁ።

ጋፋት፣ አዋጁና የቢሮ ወንበር

ይህን በር ለመስበር የሞከሩ መሪዎች ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አስቀልጠዋል። ትልቁ ሴባስቶፖል መቅደላ ድረስ ተጎትቶ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ሞቱ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። የጋፋት ነገር በዚሁ አበቃ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ እውቀቱን ተረክቦ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተምር ቤት ግን አልቀረም።

አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. የታወቀውን አዋጅ አስነገሩ። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ ተከለከለ። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን የሚያስታውስ አዋጅ ነው። ዛሬ ስናነበው «ዋው!» ያሰኛል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ምን ያስተምር እንደነበር ተመልከቱ። በዋነኛነት የውጭ ቋንቋ ነው። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ነበርና ምክንያቱ ይገባል። ውጤቱ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረው። ትምህርት ማለት ወደ ቢሮ የሚወስድ መንገድ ነው የሚለው ስሜት ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ቤት ደጃፎች ጋር አብሮ ተወለደ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሳያውቀው ንቀቱን በሌላ ልብስ አስቀጠለ።

ተግባረ ዕድ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተበተነውን መልሶ ለመገንባት ሠራተኛ ጠፋ። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ መኪና የሚጠግን፣ እንጨትና ብረት የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እኛ ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ የምናውቀው ተግባረ ዕድ ይህ ነው። ስሙ ራሱ ያምራል፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው በግዕዝ። ለዘመናት ሲሰደብ ለኖረ ነገር የቅዳሴ ቋንቋ ስም ማውጣት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተቋቋመ። የእርሻ መሣሪያ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ ኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። በዚያችው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ተማሪው የሚማረው ማሽን በርቀት የሚሰማ እንጂ በመጽሐፍ ብቻ የሚታይ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ሌላም ነገር ነበር። ብዙዎቹ ትልልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ኮምፕሪሄንሲቭ» ይባሉ ነበር። ስሙ ለጌጥ አልነበረም። ከሒሳብና ከታሪክ ጎን የእንጨትና የብረት ሥራ ሾፕ፣ የንግድ ሥራ ትምህርት፣ ሆም ኢኮኖሚክስ፣ እርሻ ነበራቸው። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ለምሳሌ ሴቶቹን ወደ ልብስ ስፌትና ወጥ ቤት፣ ወንዶቹን ወደ ሾፕ መክፈሉን ማንም አይስተውም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ሐኪምም ሊሆን ጸሐፊ፣ ከዚያ በፊት ሞረድ ይዞ ብረት የማስተካከል ዕድል ነበረው። ወደ ቴክኒክ የሚሄደውም እጁ ፍጹም እንግዳ ሆኖ አይሄድም። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ሾፕ ውስጥ የሠሩትን በርጩማ ወይም የሰፉትን ሽርጥ የሚያስታውሱ አታጡም።

የካቲት 1966

አሁን ወደ አንድ የተረሳ ነገር እንምጣ። በ1964 ዓ.ም. «ኤጁኬሽን ሴክተር ሪቪው» የሚባል ትልቅ ጥናት ተጠናቀቀ። ጥናቱ ትምህርታችን ከሥራና ከገጠሩ ሕይወት ተለያይቷል ይላል። ይህ እውነት ነበር። መፍትሔውም ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስና ከዚያ በኋላ ያለውን ከሥራ ጋር ማያያዝ ነበር። ሰነዱ ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ የተረዳው በአንድ መንገድ ነው፦ የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ ሞፈርና ወደ መዶሻ፣ የጌታ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አደሙ። መንግሥት ሪቪውን ወደ ጎን አስቀመጠው። ዘውዱ ራሱ ግን በተከታዩ ዓመት አልተረፈም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አብዮቱ መግቢያ ነው። እኔ ግን ስለ ሙያ ትምህርት የተሰጠ ትልቅ የሕዝብ ድምፅ አድርጌ አነበዋለሁ። እነዚያ ወላጆች አናጢ ወይም መካኒክ ይናቃል ብለው ብቻ አልነበረም የተቆጡት። ብዙዎቹ ራሳቸው በእጃቸው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። የተቆጡት ሙያ እንደ ምርጫ ሳይሆን እንደ ፍርድ ሊሰጣቸው ስለመጣ ነው። ልጄ ብየዳ ይማር ማለትና ልጅህ ከብየዳ አያልፍም መባል ለየቅል ናቸው።

አሥር ሲደመር

ከዚያ ወዲህ ደርግ መጣ፤ ትምህርትን ከምርት ጋር አያይዛለሁ አለ። ኢሕአዴግ መጣ፤ በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አወጣ። በአዲሱ አደረጃጀት አጠቃላይ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ዓመት መሰናዶ ተባለ። ቴክኒክና ሙያ ደግሞ ከአሥረኛ በኋላ ለብቻው ወጣ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3። ከሒሳብ ትምህርት ይልቅ በነዚህ ድምሮች የታወቀ ትውልድ አለን።

ቁጥሩ አደገ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀድሞ በጥቂት ከተሞች ብቻ የነበረው ሥልጠና ወደ ብዙ ወረዳ ከተሞች ወረደ። ግን ሙያ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ብቻ የሚመጣ ነገር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው አሥር ዓመት ከሞላ ጎደል የጠመኔ ሆነ። ልጁ እስከ 16 ዓመቱ ድረስ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያከበበ ይቆይና፣ ሲወድቅ በወደቀበት ቀን እጅህን አምጣ ይባላል። በእጁ መሥራት የሚያውቅና የሚወድ ልጅ ቢኖር እንኳ መግቢያው ያው ካት ኦፍ ነው፤ ያውም ከታች በኩል። በሌላ አገር አናጢ ለመሆን ምዝገባ የሚጀምረው «ለምን ይህን መረጥክ?» ከሚል ጥያቄ ሲሆን፣ እዚህ የሚጀምረው «ስንት መጣልህ?» ከሚል ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ አንዳንዱን ነገር ለማረም ሞክሯል። የሙያ ደረጃ ከሌቭል 1 እስከ 5 ተዘረጋ። የብቃት ምዘናው መጣ፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው። ሥልጠናው በአብዛኛው ተግባር ይሁን፣ ሠልጣኙም በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ ገብቶ ይማር ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ይሁንና ይህ ሁሉ የሚያተኩረው በመጨረሻው ቀን ላይ ነው፤ ሠልጣኙ ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል በሚለው። ሲገባስ? ወናፉን የሚያስነፋው ማን ነው?

ከመሰናዶ ወደ ሪሜዲያል

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አከፋፈሉ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተገፋ። የቴክኒክና ሙያ ዘርፉም በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ሆነ። ከዚያ ያ የምናስታውሰው ድንጋጤ መጣ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ።

ለወደቁት የተወሰኑት ምን ተዘጋጀ? ሪሜዲያል። የአቅም ማሻሻያ። ማለትም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ጥቂት የጎደለው ልጅ ጉድለቱን የሚሞላበት ወራት ተሰጠው። ይህን አልቃወምም፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ቃሉ ቢቀየርም አሠላለፉ እንዳልተቀየረ አያችሁ? መሰናዶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ሪሜዲያልም ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሁንም የሠፈሩ ሰው ከዚያ ላልደረሰው «እንግዲህ ቴክኒክ ግባ» ይለዋል፤ ድምፁ ሳይቀር ለቅሶ ቤት የሚናገር ይመስላል።

ታዲያ ምን ይሰናዳ?

ምናልባት «ለቧንቧ ሥራ ደግሞ ምን መሰናዶ ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። ንቀቱ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። እስኪ በዝርዝር እንያት።

መጀመሪያ ልኬት አለ። ግድግዳችን በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ቧንቧችን በኢንች ይገዛል። ግማሽ ኢንች፣ ሦስት አራተኛ ኢንች። ፌሮ ግን በሚሊ ሜትር ነው፤ 8፣ 10፣ 12። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን የማያውቅ፣ ክፍልፋይ መደመር የከበደው ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሸማቀቃል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ ልጁም ያምናል። ያጣው ግን የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው። ሁለት ሳምንት ተቀምጦ፣ ሜትር በእጁ ይዞ፣ የቤቱን በርና ጠረጴዛ እየለካ ሊሞላው የሚችለው ጉድለት ነው።

ቀጥሎ ቋንቋ አለ። ይህ ደግሞ ታሪካችን ራሱ ያስቀመጠብን ጣጣ ነው። ጋራዥ ውስጥ የምትሰሙት የጣሊያን ቃል ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቪቴ። ከወረራው ዘመንና እዚሁ ከቀሩት ጣሊያን መካኒኮች የወረስነው ነው። የሥልጠናው ሞጁል ግን በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ካንዴላው «ስፓርክ ፕለግ»፣ ፍሪሲዮኑ «ክለች» ሆኖ ይመጣል። አሠልጣኙ የሚያብራራው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ነው። ስለዚህ አውቶ መካኒክ የሚማር ልጅ አንዱን ዕቃ በሦስት ስም ማወቅ አለበት። ሦስት ዓምድ ያላት አንዲት ደብተር ይዞ ሠፈሩ ያለ ጋራዥ ሄዶ «ጋሼ፣ ይቺ ምን ትባላለች?» እያለ ቢጽፍ፣ ሥልጠናው ሲጀመር ከክፍሉ ልጆች ቀድሞ ይገኛል። በዚያው ሥራውንም ያየዋል። ዘይቱን፣ ጩኸቱን፣ ከመኪና ሥር መተኛቱን። ካልወደደው አሁኑኑ ማወቁ ከዓመት በኋላ ከማቋረጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ገላ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ኤሌክትሪክ የሚማር ልጅ ሽቦ መግጠም ከመማሩ በፊት ብሬከር ማውረድን፣ ወርዷል ያለውን ጓደኛ ሳያምን በቴስተር ራሱ ማረጋገጥን ልማድ ማድረግ አለበት። የሚሽከረከር ማሽን ላይ የሚቆም ሰው ቀለበት፣ ሰዓት፣ የተንዘረፈፈ እጅጌ፣ ያልታሰረ ፀጉር፣ ሻሽ ይዞ አይቀርብም። በያጅ ያለ መከላከያ መስታወት ብልጭታውን ካየ ሌሊቱን ዓይኑ አሸዋ የሞላበት እየመሰለው ያድራል። የአንጥረኛው ልጅ ይህን ወናፍ እየነፋ ስንት ወር አይቶ ነበር የሚማረው። የዛሬው ልጅ ግን እሳቱን ያየ ዕለት መዶሻውም እጁ ይገባል። ጣት ደግሞ እንደ ፈተና በሚቀጥለው ዓመት አይደገምም።

እነዚህን ልጁ በራሱ ሊጀምራቸው ይችላል፤ ስለዚህ ነው የዘረዘርኳቸው። ሸክሙን ሁሉ ግን በእሱ ላይ መጫን አይገባም። ኮሌጅ መጀመሪያ ሳምንታቱን ከምዝገባ ሰልፍና ከመታወቂያ ፎቶ አልፎ ለልኬት፣ ለመሣሪያ ስምና ለደኅንነት ቢሰጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የድሮውን ሾፕ በአዲስ መልክ ቢመልሱት፣ ሐኪም የሚሆነውም ሆነ ብየዳ የሚሠራው ልጅ አንዱ የሌላውን ድካም ያውቃል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል ያገራችን ሰው። የሙያ ትምህርታችን ነገር እንደዚህ ነው። ጨርቁ መጥፎ አይደለም፤ የያዝንበት ጫፍ ነው። ከ1900 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ባለሙያን በአደባባይ መስደብ አቁመናል። አሁን የቀረን ስድብ ዝም ያለው ነው። ለአንዱ ልጅ «ተሰናዳ» ብለን ጊዜና መጽሐፍ ስንሰጥ፣ ሌላውን «አንተማ ያው ቴክኒክ ነህ፣ ለምን ትሰናዳለህ?» ብለን ባዶ እጁን የምንልከው።

ነገ የቤታችሁን መብራት የሚዘረጋው፣ የምትሳፈሩበትን ሚኒባስ ፍሬን የሚያስረው ይኸው ባዶ እጁን የሄደው ልጅ ነው። መሰናዶው ለማን ነበር የሚያስፈልገው ትላላችሁ?